ፓተንት ተከለከለ ማለት ምርምሩ ተከለከለ ማለት አይደለም

«አውሮፓ በሰው ፅንስ ላይ የሚደረገውን ምርምር ከልክላለች» ሲባል ደጋግሞ ይሰማል። ነገሩን ያምታታው ፓተንት የሚለው ቃል ነው። ፓተንት የመሥራት ፈቃድ አይደለም፤ ሌላው ሰው ፈጠራህን ለንግድ እንዳያውል የማገድ መብት ነው፤ እሱም ቢሆን በመደበኛው ለ20 ዓመት ብቻ።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የባዮቴክኖሎጂ ፈጠራዎች መመሪያ፣ አንቀጽ 6፣ ከሥነ ምግባር ጋር ለሚጋጭ ፈጠራ ፓተንት አይሰጥም ይላል። የሰውን ፅንስ ለኢንዱስትሪ ወይም ለንግድ ማዋል አንዱ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከፅንስ ስቴም ሴል (ወደ ሌሎች የሴል ዓይነቶች ሊለወጥ ከሚችል ሴል) የነርቭ ሴል መነሻ የሚሆኑ ሴሎችን ለማውጣት ፓተንት ይዞ ነበር፤ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ ግሪንፒስ ከሰሰ። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ኦክቶበር 18 ቀን 2011 እንዲህ አለ፦ ሥራው አስቀድሞ ፅንስ ማጥፋትን የሚጠይቅ ከሆነ፣ ማመልከቻው ይህን ባይጠቅስም እንኳ ፓተንት የለም። ውሳኔው ቤተ ሙከራ አልዘጋም። የሚገርመው፣ ፓተንቱ ሲቀር ተፎካካሪም ያንኑ ዘዴ ለመጠቀም በፓተንት አይታገድም።

እስከዚህ ያለው በመላው ኅብረቱ አንድ ነው። ምርምሩ ራሱ ይፈቀድ አይፈቀድ ግን የየአገሩ ሕግ ጉዳይ ነው፦ ስዊድን በሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድ ትፈቅዳለች፤ ጀርመን ለምርምር ሲባል ፅንስ ማጥፋትን ከልክላ፣ ከሜይ 1 ቀን 2007 በፊት በውጭ አገር የተዘጋጁ የፅንስ ስቴም ሴሎችን ብቻ በፈቃድ ታስገባለች።