ባርባራ ጆርዳን፦ ጠበቃዋ የቴክሳስ እንደራሴ

ባርባራ ጆርዳን በ1936 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በሂዩስተን ከተማ፣ ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ተወለደች። አባቷ የባፕቲስት ሰባኪና የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። በ1959 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ፣ ጥቂት ጊዜ ካስተማረች በኋላ ሂዩስተን ተመልሳ ጥብቅና ጀመረች። ቢሮ አልነበራትም። ባለጉዳዮቿን የምታነጋግረው ወላጆቿ ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

በ1962 እና በ1964 ለቴክሳስ ምክር ቤት ተወዳድራ ሁለቴም ተሸነፈች። የምርጫ ክልሉ በጣም ሰፊ ስለነበር የጥቁሮች ድምፅ ይዋጥ ነበር። ክልሎቹ እንደገና ሲከፋፈሉ በ1966 ለግዛቱ ሴኔት ተመረጠች፤ ከ1883 ወዲህ እዚያ የተቀመጠ ጥቁር አልነበረም። በ1972 ደግሞ ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመረጠች።

አገር ምድሩ ያወቃት ግን ጁላይ 25 ቀን 1974 ማታ ነው። እሷ አባል የሆነችበት የኮንግረሱ የፍትሕ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ይከሰስ ወይስ አይከሰስ እያለ በቴሌቪዥን ፊት ይከራከራል፣ ለእያንዳንዱ አባል 15 ደቂቃ ተሰጥቶታል፣ የእሷም ተራ ደረሰ። ሕገ መንግሥቱ በ1787 ሲያልቅ «እኛ ሕዝቦች» የሚለው ቃል እሷን እንደማይጨምር አስታውሳ ጀመረች። ቀጥላ በዚያው ሰነድ ላይ ያላት እምነት ሙሉ እንደሆነ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ያለው የጠበቃ ሥራ ነው፦ ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች ፕሬዚዳንት በምን እንደሚከሰስ ያሉትን ታነባለች፣ አጠገቡ የኒክሰንን ድርጊት ታስቀምጣለች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ኒክሰንን የጣለው ይህ ንግግር ነው የሚሉ አሉ፤ ተጋነነ፣ የጣለው በቢሮው ያደረገውን ንግግር ራሱ ያስቀዳበት ቴፕ ነው። ቢሆንም በዚያ ክርክር ከተናገሩት ሁሉ እሷን የሚስተካከል አልነበረም።

በ1975 የምርጫ መብት ሕጉ ሲታደስ ስፓኒሽ ተናጋሪዎችንም እንዲጠብቅ ታግላለች። በ1976 በዴሞክራቶች ጉባኤ ዋናውን ንግግር አደረገች።

በ1979 መጀመሪያ ኮንግረስን ትታ ኦስቲን ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረች። ከ1973 ጀምሮ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ ነበረባት፤ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ትሄድ ነበር። በኮንግረስ እሷን የተካው ሚኪ ሌላንድ ነው፤ በ1989 ጋምቤላ አካባቢ ያሉ ስደተኞችን ሊጎበኝ ሲበር በአውሮፕላን አደጋ የሞተው ያ ሰው።

እኛን የሚነካን የመጨረሻ ሥራዋ ነው። የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ኮሚሽን ሊቀመንበር ሳለች፣ በ1995 ኮሚሽኑ ሕጋዊው ፍልሰት በዓመት ወደ 550,000 እንዲወርድ ሐሳብ አቀረበ። ቅርብ ቤተሰብ፣ ባለሙያና ስደተኛ ይግባ ነው ነገሩ፤ ዲቪ በዕቅዱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ዛሬ ፍልሰት ይቀነስ የሚሉ ወገኖች ስሟን ይጠሩባታል። ደጋፊዎቿ ደግሞ እሷ ስደተኛን ጠልታ ሳይሆን ሕግ ይከበር ብላ ነው ይላሉ፣ ይህ ሳይሻል አይቀርም። ጃንዋሪ 1996 በ59 ዓመቷ አረፈች። ኮንግረሱም ዕቅዱን ሳይቀበለው ቀረ፣ ዲቪም ቀጠለ።