«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ»፦ ነቀላ ነው ያለው ማነው?

ሰሞኑን አንድ ባለሙያ ሲስተሙ ውስጥ ያሉት መረጃዎች ተጋጩበትና ሁሉንም ሙልጭ አድርጎ ሊያጠፋ ተነሳ። ለምን ሲባል «ነገርን ከሥሩ ነዋ!» አለ። ምን ነካው? አባባሉ ስለ ነቀላ አይደለም፤ ስለ ፍለጋ ነው።

ውሃ የቀዳ ሰው ያውቀዋል። ከብት ሲረግጠው የምንጩ ታችኛው በኩል ይደፈርሳል። ቀጂዋ ታዲያ ምንጩን አትደፍንም። እንስራዋን ይዛ ዳር ዳሩን ሽቅብ ትወጣለች። ጭቃው እየሳሳ ይሄዳል። ጠጠሩ ጥርት ብሎ ከሚታይበት ስትደርስ ጎንበስ ብላ በቅል ትጨልፋለች። ድፍርሱ የት እንደጀመረም በዚያው አየች ማለት ነው።

አባባሉን ማን ጀመረው ብትሉኝ ሙግት የሰለቸው ዳኛ ነው እላለሁ። ማስረጃ አትጠይቁኝ! ምስክር ሲጋጭበት ሁሉንም አያባርር፤ ማን ከማን ሰማ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1985 ከሁለት ፈላስፎች፣ ከጋርደንፎርስና ከማኪንሰን፣ ጋር የእምነት ክለሳን ሎጂክ (አዲስ መረጃ ከያዝነው እምነት ጋር ሲጋጭ የቱን ጥለን የቱን እንደምናስቀር የሚያጠናውን) መሠረት የጣለው አርጀንቲናዊው አልቹሮንም የሕግ ሰው ነበር። አንድ ድንጋጌ ሲሻር የቀረው ሕግ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ነበር የያዘው። ግምቴን ያጠናከረልኝ ይኸው ነው።

የእነሱ መንገድ ቁጥብ ነው። ከአዲሱ ጋር የሚጋጨውን ያህል ብቻ ታወጣለህ፤ ከዚያ አዲሱን ታስገባለህ። ሁለቱንም ይዞ መቀመጥ አይሆንም፤ በተለመደው ሎጂክ ከተቃርኖ ተነስተህ የፈለግኸውን ሁሉ እውነት ነው ብለህ መደምደም ትችላለህና።

የባለሙያውን ሲስተም እንይ። «ሴንሰሩ ቫልቩ ተዘግቷል ይላል፤ ሴንሰሩ ይታመናል፤ የተዘጋ ቫልቭ ውሃ አያሳልፍም» ብሎ ይዟል። ስለዚህ «ቱቦው ደረቅ ነው፣ ጥገና ይጀመር» አለ። ውሃው ግን ሲፈስ ታየ። ከሦስቱ አንዱ መውደቅ አለበት። የትኛው? ሎጂክ ብቻውን አይመርጥልህም፤ የትኛው እምነት ይበልጥ ሥር እንደሰደደ ደረጃ መስጠት ያንተ ሥራ ነው። እዚህ ጋ የሚጠረጠረው ሴንሰሩ ነው። እሱ ሲወድቅ «ጥገና ይጀመር» የሚለውም ሌላ ደጋፊ ከሌለው አብሮ ይወድቃል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪው ጆን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ዘዴ እያንዳንዱ እምነት ከነምክንያቱ የሚመዘገበው ለዚህ ነው፤ ሽቅብ የሚወጣበት መንገድ እንዲኖር።

የኛ ሰው አንድም ምክንያት አልመዘገበም። ሁሉን ጠረገው። ያው ሴንሰር ነገ ያንኑ ይሞላበታል። ማጥፋት መብቱ ነው፤ አባባሉን ግን ባይጎትትበት።