የባዝል ስምምነት የፕላስቲክ ማሻሻያ ምንድን ነው?

ባጭሩ፦ አንድ አገር የተደባለቀ ወይም የቆሸሸ የፕላስቲክ ቆሻሻ ወደ ሌላ አገር ሊልክ ካሰበ፣ ጭነቱ ከወደብ ሳይነሳ ተቀባዩን አሳውቆ በጽሑፍ ማስፈቀድ አለበት። የተቀባዩ ዝምታ እንደ እሺታ አይቆጠርም።

በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ በ1989 የጸደቀው ዋናው ስምምነት (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያነጣጠረው አደገኛ ቆሻሻ ላይ ነበር። ፕላስቲክ እንደ ተራ ሸቀጥ ሲጓጓዝ ኖረ። በ2018 ትልቋ ተቀባይ ቻይና በሯን ስትዘጋ ግን ጭነቱ ወደ ማሌዥያ፣ ታይላንድና ቬትናም ጎረፈ። በኖርዌይ ሐሳብ አቅራቢነት ማሻሻያው ሜይ 2019 ጸድቆ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ለምን እንዳስፈለገ የፊሊፒንስ ጉዳይ ያሳያል። በ2013 እና በ2014 ከካናዳ ከመቶ በላይ ኮንቴይነሮች ማኒላ ገቡ። ሰነዳቸው መልሶ ጥቅም ላይ የሚውል ፕላስቲክ ይላል፤ ሲከፈቱ የቤት ጥራጊና ያገለገለ ዳይፐር ተገኘባቸው። ንትርኩ ዓመታት ፈጀ። ፊሊፒንስ በካናዳ ያሉትን አምባሳደሯን እስከ መጥራት ደርሳ፣ የተረፉት 69 ኮንቴይነሮች በ2019 ወደ ቫንኩቨር ተመለሱ።

ዛሬም ያለ ፈቃድ የሚያልፍ ፕላስቲክ አለ፦ የጸዳ፣ በዓይነት የተለየ፣ በእርግጥም ተፈጭቶ እንደገና ሊመረት የሚሄድ። ሃይላንድ የምንለውን የውሃ ጠርሙስ ለብቻው፣ ፌስታሉን ለብቻው እንደማለት ነው (ይህን ከቆራሌው የበለጠ የሚያውቅ የለም)። ችግሩ ስምምነቱ ጭነቱ «ከሞላ ጎደል ከብክለት የጸዳ» ይሁን ከማለት በቀር በመቶኛ ያስቀመጠው ልክ የለም። ስለዚህ ነገሩ የሚወድቀው ኮንቴይነሩን በሚከፍተው ጉምሩክ ላይ ነው። ሠራተኛና መፈተሻ በሌለበት ወደብ ሕጉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል ባይ ነኝ።

አሜሪካ ስምምነቱን ፈርማ አላጸደቀችም፤ አባል አገሮች ግን ለብቻው ውል ካልተዋዋሉ በስተቀር ፈቃድ የሚያስፈልገውን የተደባለቀ ወይም የቆሸሸ ፕላስቲክ ከእሷ ጋር መለዋወጥ አይችሉም። ኢትዮጵያ የባዝልም፣ አደገኛ ቆሻሻ ጭራሽ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ የሚከለክለው የ1991ዱ የባማኮ ስምምነትም አባል ናት።

ማሻሻያው የሚቆጣጠረው የቆሻሻውን ጉዞ እንጂ የሚመረተውን መጠን አይደለም። መጠኑን ጭምር ይነካል የተባለው ገና በድርድር ላይ ያለ ሌላ ዓለም አቀፍ የፕላስቲክ ውል ነው፤ ድርድሩ እንዲጀመር ናይሮቢ ላይ በማርች 2022 ተወሰነ፤ ነዳጅ አምራች አገሮች በምርት ላይ ጣሪያ አይደረግም ብለው ስለጸኑ የኦገስት 2025ቱ የጄኔቫ ጉባኤ ያለ ስምምነት ተበተነ።