ከቨሬጅ ምንድን ነው? «ዘ ስኖውማን»ን ጎዶሎ ያደረገው

ከቨሬጅ ማለት ኤዲተሩ አንድን ትዕይንት እንደ ልቡ ቆርጦ መቀጠል እንዲችል፣ ትዕይንቱን ከበቂ አቅጣጫና ርቀት ቀርጾ መያዝ ነው። ተዋናዮቹ አንዴ አሳምረው ስለተወኑ ብቻ ትዕይንቱ ተቀርጾ አለቀ አይባልም። ያው ንግግርና ያው እንቅስቃሴ ካሜራው ቦታ እየቀየረ ይደጋገማል።

መርማሪና ተጠርጣሪ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል እንበል፤ በስክሪፕቱ ሁለት ገጽ የሚሆን ትዕይንት ነው። መርማሪው ፎቶ አውጥቶ ወደ ተጠርጣሪው ይገፋል። መጀመሪያ ሁለቱንም የሚያሳየው ማስተር ሾት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀረጻል። ከዚያ ከመርማሪው ትከሻ ጀርባ ሆኖ ወደ ተጠርጣሪው፣ ቀጥሎም የተጠርጣሪው ክሎዝ አፕ፣ ማለትም ፊቱ ብቻ ከቅርብ። ከዚህ በኋላ መብራቱና ካሜራው ዞረው የመርማሪው ወገን በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል። የአንድ ወገን ሾቶች በሙሉ ሳያልቁ ወደ ሌላው አይዞርም፤ መብራት እንደገና መደርደር ቀኑን ይበላዋል። እስካሁን አምስት ሾት ሆነ። ፎቶውንና የሚገፋውን ጣት ብቻ የሚያሳይ ኢንሰርት ሲጨመር ስድስት፣ ተጠርጣሪው ፎቶውን ዝም ብሎ ሲያይ የሚቀረጽ ደግሞ ሰባት። እያንዳንዱ ሾት ሦስት ጊዜ ቢቀረጽ 21 ቴክ (የአንድ ጊዜ ቀረጻ) ይሆናል፤ ሁለት ደቂቃ ለሚሞላ ትዕይንት! በመጨረሻ ሁሉም ጸጥ ብሎ የክፍሉ ድምፅ ለ30 ሰከንድ ያህል ይቀዳል። እሱ ከሌለ በየቁርጡ የድምፁ ድባብ ሲዘልል ይሰማል።

ስህተቱ ብዙውን ጊዜ ከጥቃቅኑ ነው። ፎቶውን በማስተሩ ላይ በግራ እጁ የገፋ ሰው በክሎዝ አፕ በቀኙ ከገፋ ሁለቱ ሾቶች አይጋጠሙም። ካሜራው በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለውን የዓይን መስመር ከተሻገረ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ። የመጨረሻው ቃል እንዳበቃ «ከት» (ቀረጻው ይቁም) የሚል ዳይሬክተር ደግሞ ኤዲተሩን መፈናፈኛ ያሳጣዋል፤ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ዝምታ መተው አለበት።

ከቨሬጅ ሲጎድል ምን እንደሚከተል «ዘ ስኖውማን» በደንብ ያሳያል። በኖርዌያዊው ደራሲ ጆ ኔስቦ መጽሐፍ ላይ የተመሠረተው ይህ የተከታታይ ገዳይ ፊልም በ2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ብዙ ተጠብቆ ነበር። ማይክል ፋስቤንደር መርማሪ ሃሪ ሁለን ይጫወታል፤ ዳይሬክተሩ ቶማስ አልፍሬድሰን ከዚያ በፊት በሠራቸው ፊልሞች የተከበረ ነው። ፊልሙ ግን ተመልካቹን ግራ አጋብቶ ቀረ። አልፍሬድሰን ራሱ ለኖርዌይ ብሮድካስተር ኤንአርኬ እንዳስረዳው፣ በኖርዌይ የተሰጣቸው የቀረጻ ጊዜ በጣም አጭር ስለነበር ከስክሪፕቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ሳይቀረጽ ቀርቷል፤ ብዙ ነገር እንደጎደለ የታወቀውም ኤዲቲንግ ሲጀመር ነው። አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ነው። ስለዚህ ለሁለት ሰዓት ፊልም ጉድለቱ ከ12 እስከ 18 ደቂቃ ይደርሳል ማለት ነው። እዚህ ላይ የጠፋው አንድ ማዕዘን ወይም አንድ ክሎዝ አፕ ብቻ አይደለም፤ ጨርሶ ያልተነኩ ገጾች አሉ።

ጥፋቱን ኤዲቲንግ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ከኤዲተሮቹ አንዷ ቴልማ ስኩንሜከር ስትሆን በሙያው ሦስት ኦስካር ወስዳለች። ሌላዋ ክሌር ሲምፕሰን ደግሞ «ፕላቱን» በተባለው ፊልም ኦስካር አሸንፋለች። እንዲህ ያሉ እጆች እንኳ ያልተቀረጸን ነገር ከየት ያመጣሉ? ኤዲተር ሾት ሲያጣ ያለው መላ ጥቂት ነው፦ ተዋናዩ ጀርባውን ሲሰጥ በኋላ የተቀዳ ንግግር ማስገባት፣ ቀዳዳውን በመልክዓ ምድር ሾት መሸፈን፣ ትዕይንቶችን ማቀያየር። ሦስቱም ክፍተቱን ያሻግራሉ እንጂ ተመልካቹን አያሳምኑም።

የቤተሰብ ድራማ እንዲህ ያለውን ጉድለት በመጠኑ ይችላል። የተከታታይ ገዳይ ፊልም ግን አይችልም፤ ተመልካቹ ራሱ እየመረመረ ነውና። አንድ ፍንጭ እንዲሠራ ሦስት ሾት ይፈልጋል፦ የሚያየው ሰው፣ የታየው ነገር፣ ከዚያም ነገሩ የገባው ፊት። መሀሉ ሲጎድል መርማሪው የገመተ ይመስላል፤ የመጨረሻው ሲጎድል ዕቃው ፍንጭ መሆኑ ራሱ አይታወቅም። ገዳዩም አስቀድሞ በቂ ጊዜ ካልታየ ማንነቱ ሲገለጥ አያስደነግጥም። በ«ዘ ስኖውማን» ጄ. ኬ. ሲመንስ የሚጫወተው ባለሀብት ከባድ ተጠርጣሪ መስሎ ይገባና መስመሩ ሳይቋጭ ይቀራል። የፊልሙ ፖስተር ላይ ገዳዩ ለፖሊሱ ፍንጮቹን ሁሉ እንደሰጠው ይጽፋል። ያንን አንብቦ ለገባ ተመልካች ይህ በእርግጥ ያሳዝናል።

ቀን ሲያጥር ታዲያ ምን ይቀድማል? ማስተሩና የፊት ስሜቱ። ተዋናዩ ከሄደ፣ በረዶውም ከቀለጠ አይመለሱም። የፎቶው፣ የቁልፉ፣ የቀለበቱ ኢንሰርት ግን ያው እጅጌና ያው መብራት እስካለ ድረስ ከሳምንታት በኋላ በሌላ ሰው እጅ ሊቀረጽ ይችላል፤ የቀሩት ኢንሰርቶች ዝርዝር እንዳይጠፋ ብቻ ይያዝ። የተቀረጸውን ከስክሪፕቱ ጋር የሚያመሳክረው ስክሪፕት ሱፐርቫይዘር እያንዳንዱን ሾት በስክሪፕቱ ላይ ከላይ ወደ ታች በመስመር ያሰምራል። አንድ መስመር ብቻ ያለፈበት ንግግር መቁረጫ የለውም፤ ምንም መስመር ያልነካው ደግሞ አልተቀረጸም። ይህ ወረቀት መታየት ያለበት መብራቱ ሳይነቀል፣ ተዋናዮቹም ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ነው።