ራስን ለመከላከል መሣሪያ መያዝ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ራስን ለመከላከል መሣሪያ መያዝ ሲባል፣ አንድ ሰው ራሱን፣ ቤተሰቡን ወይም ቤቱን ከጥቃት ለመጠበቅ ብሎ ሽጉጥ፣ ጠመንጃ ወይም ሌላ መሣሪያ ማስቀመጡ ወይም ይዞ መዞሩ ነው። ለአደን ወይም ለስፖርት ከሚያዝ መሣሪያ የሚለየው በዓላማው ብቻ ነው። ብረቱ አንድ ሊሆን ይችላል። አዳኙ ሲገዛ የሚያስበው አውሬ ነው፤ ይሄኛው የሚያስበው ሰው ነው። ጉዳዩ ከብረቱ ይልቅ የፍርሃትና የኃላፊነት ጉዳይ የሚሆነው፣ ሰዎችም ሲከራከሩበት ቶሎ የሚግሉት ለዚህ ይመስለኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መሣሪያ በሰው እጅ ምን ያህል እንደገባ ለማየት አንድ ቁጥር ይበቃል። ጄኔቫ የሚገኘው ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለ የጥናት ተቋም በ2017 መጨረሻ ላይ በዓለም ዙሪያ በሲቪሎች እጅ 857 ሚሊዮን ገደማ የጦር መሣሪያ እንዳለ ገምቷል። 393 ሚሊዮኑ አሜሪካ ውስጥ ነው። ከሕዝቧ ቁጥር ይበልጣል ማለት ነው። የሚያዝበት ምክንያትም ተቀይሯል። በ1999 በተሠራ የሕዝብ አስተያየት ጥናት መሣሪያ ካላቸው አሜሪካውያን ዋናው ምክንያቴ ራስን መጠበቅ ነው ያሉት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ብዙዎቹ አደን ነበር ያሉት። በ2013 ፒው የምርምር ማዕከል ሲጠይቅ ራስን መጠበቅ ያሉት 48 በመቶ ደርሰው ነበር፣ አደን ደግሞ ወደ ኋላ ቀርቷል።

መሣሪያ ይኑረኝ የሚሉ ሰዎች ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ፖሊስ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ይሄ ለፖሊስ ስድብ አይደለም፣ የርቀትና የሰዓት ጉዳይ ነው። ሌላው ክርክራቸው የአቅም ነው። ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ ጉልበቱ የከዳው ሽማግሌ፣ ወይም አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው ከጎረምሳ ጋር በእጅ መያያዝ አይችልም፤ ሽጉጥ ግን ያንን ልዩነት ያጠበዋል። በስም ተጠርታ የተዛተባትን፣ በየመንገዱ የምትከተላትን ጥላ የምታውቅን ሴት «አትፍሪ» ብሎ ማለፍ ጭካኔ ነው። ሰው ሕይወቱን የማዳን መብቱን ለሌላ አሳልፎ አይሰጥም የሚለውን ሐሳብም ብዙዎች ከልባቸው ያምኑበታል። እኔም ይህን ክፍል አልከራከርበትም።

ክርክሩ የሚጠነክረው መሣሪያው በእውነት ይከላከላል ወይ ሲባል ነው። ጋሪ ክሌክና ማርክ ገርትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በስልክ አድርገው በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካውያን በዓመት እስከ 2.5 ሚሊዮን ጊዜ በመሣሪያ ራሳቸውን እንደሚከላከሉ ገመቱ። የአገሪቱ መንግሥት የወንጀል ሰለባዎችን እየጠየቀ የሚሠራው ጥናት ደግሞ በዓመት ወደ 100 ሺህና ከዚያ በታች ነው የሚለው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ምክንያቱ አጠያየቁ ነው። አንዱ ማንንም በዘፈቀደ ደውሎ «ተጠቅመህበት ታውቃለህ?» ይላል፤ ሌላው የሚጠይቀው መጀመሪያ ወንጀል ደርሶብኛል ያለን ሰው ነው። ሁለቱም ወገን የሚመቸውን ቁጥር አንስቶ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ከሁለት አንዱን ብቻ ሲጠቅስላችሁ ሌላውንም ጠይቁት።

በሌላ በኩል በ1993 አርተር ኬለርማን የመሩት የታወቀ ጥናት አለ። ቤት ውስጥ መሣሪያ መኖሩ በዚያው ቤት ሰው የመገደሉ ዕድል ወደ 2.7 እጥፍ ከፍ ከማለቱ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ተቺዎቹ «ቀድሞውንም አደጋ ላይ ያለ ሰው ነው መሣሪያ የሚገዛው፣ ስለዚህ መሣሪያው አመጣው አይባልም» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጥይት ከሞቱት 48,830 ሰዎች ውስጥ 26,328ቱ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ፣ ሕይወታቸውን ያጡት በራሳቸው እጅ ነው። ሌባውን ለማስቆም የተገዛው ዕቃ ባለቤቱ በከፋው ቀን እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይጠብቀዋል። ከእንዲህ ዓይነት ሙከራ ከተረፉ ሰዎች አብዛኞቹ ኋላ በዚህ መንገድ አይሞቱም፤ የጨለማው ሰዓት ያልፋል። በመሣሪያ የሚደረግ ሙከራ ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ያህሉን ይገድላል፣ ለሁለተኛ ሐሳብ ጊዜ አይሰጥም። ለዚህ ነው በጭንቀት ውስጥ ያለ ጓደኛ ሲኖር «መሣሪያህን ለጊዜው እኔ ዘንድ ይቀመጥ» ወይም «ቁልፉን ስጠኝ» ማለት ነፍስ የሚያተርፍ ነገር የሚሆነው። ያስቀይመዋል ብላችሁ አትተዉት። ማን መረከብ እንደሚችል ሕጉ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ጥሩ ነው።

እስቲ ደግሞ ያቺን ሁሉም ሰው የሚያስባትን ሌሊት ቀረብ ብለን እንያት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ተሰማ። ልብ ይመታል። ጣት ይደነዝዛል፤ የታወቀውን ቁልፍ እንኳ ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ሦስት ጊዜ መሞከር ያስፈልጋል። እይታ ይጠባል፣ ጆሮ አጠገቡ ያለን ድምፅ ሊስት ይችላል። ሣጥኑ ተከፈተ እንበል። በጨለማ ውስጥ ጥላ ቆሟል። ሌባ ነው? ወይስ ውኃ ሊጠጣ የተነሳ ልጅ? ወይስ ሳይነግር ከመንገድ የገባ ወንድም? ለመወሰን ያለው ጊዜ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ጥይቱ ቢስት ደግሞ በቀጭን ግድግዳ አልፎ የሚቀጥለው ክፍል ይገባል፤ እዚያ የተኛው ማን ነው?

ቅርበትም የራሱ ችግር አለው። በ1983 ዴኒስ ቱለር የተባለ የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ አሠልጣኝ ቀላል ሙከራ አደረገ። ጩቤ የያዘ ሰው 6.4 ሜትር ያህል ርቀትን በ1.5 ሴኮንድ ይሮጠዋል፤ የሠለጠነ ፖሊስ ከወገቡ ሽጉጥ መዝዞ ለመተኮስ የሚፈጅበት ጊዜም ያው ነው። ያልሠለጠነ ሰው፣ ያውም ከእንቅልፉ የተነሳ፣ ከዚህ በብዙ ይዘገያል።

ሕጉ ጋ ስንመጣ፣ አገራት ስለ መሣሪያ የቱንም ያህል ቢለያዩ ራስን ስለ መከላከል የሚሉት ተቀራራቢ ነው። ጥቃቱ አሁን የሚፈጸም ወይም ሊፈጸም የተቃረበ መሆን አለበት። በአብዛኛው ሌላ መውጫ የሌለ መሆን አለበት። ምላሹም ከጥቃቱ ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሌባው ዕቃውን ጥሎ ከሮጠ ጥቃቱ አብቅቷል፤ ከኋላው የተተኮሰ ጥይት በቀል እንጂ መከላከል አይባልም። በ1999 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ገበሬ ቤቱ የገቡ ሁለት ሌቦች ላይ ተኩሶ የ16 ዓመት ልጅ ገደለ፣ ልጁ የተመታው ጀርባው ላይ ነበር። ገበሬው በነፍስ ግድያ ተፈረደበት፤ በይግባኝ ክሱ ወደ ቀለለ የግድያ ዓይነት ዝቅ ቢልለትም ዓመታት ታስሯል። አገሪቱ እስከ ዛሬ በዚህ ትከራከራለች።

«የሰው ቤቱ ምሽጉ ነው» የሚለው አስተሳሰብ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ከ1604 ጀምሮ ይታወቃል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ግዛቶች አስፋፍተውታል። ፍሎሪዳ በ2005 ባወጣችው ሕግ፣ በሕጋዊ መንገድ የትም የቆመ ሰው ለሕይወቱ ከሰጋ የመሸሽ ግዴታ የለበትም፣ መንገድ ላይም ቢሆን። ሌሎችም ተከተሏት። በሌሎች ቦታዎች ግን መሸሽ እየቻልክ ለምን አልሸሸህም የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤት ውስጥ ትልቅ ክብደት አለው።

መሣሪያ የመያዙ መብት ራሱ የተለያየ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ በ1791 ጸደቀ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ቤት ውስጥ ራስን ለመከላከል ሽጉጥ መያዝ የግለሰብ መብት ነው ብሎ የወሰነው በ2008 ነው። በ2022 ከቤት ውጭ ይዞ መንቀሳቀስንም ጨመረበት። ቼክ ሪፐብሊክ በ2021 በመሣሪያ ራስን የመከላከልን መብት በሕገ መንግሥታዊ ሰነዷ ውስጥ አስገባች። ብራዚል በ2005 የመሣሪያ ሽያጭ ይከልከል ወይ ብላ ሕዝቧን ስትጠይቅ 64 በመቶ ገደማ አይከልከል አለ። ብሪታንያና አውስትራሊያ ተቃራኒውን መንገድ ሄዱ። በ1996 በስኮትላንዷ ደንብሌንና በአውስትራሊያዋ ፖርት አርተር በጥይት ከደረሱት እልቂቶች በኋላ ብሪታንያ ሽጉጥን በአብዛኛው ከለከለች፣ አውስትራሊያ ከ600 ሺህ በላይ መሣሪያ ከሕዝቡ ገዝታ አጠፋች። በሁለቱም አገር «ራሴን ልከላከልበት ነው» ማለት ፈቃድ አያሰጥም። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሽጉጥ ለተራ ሰው የማይታሰብ ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ ስዊዘርላንድን ለማስረጃ ያነሳሉ። እዚያ ግን ቤት ውስጥ ያለው ጠመንጃ በአመዛኙ ከውትድርና አገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው፣ የሠራዊቱ ጥይትም ከ2007 በኋላ ከአብዛኛው ቤት ተሰብስቧል። ስለዚህ ለዚህ ክርክር ጥሩ ምሳሌ አይደለም።

የማይገድሉ መሣሪያዎችም አሉ። ዓይን የሚያቃጥል የበርበሬ ስፕሬይ በብዙ አገር ይፈቀዳል፤ ብሪታንያ ውስጥ ግን እንደ ጦር መሣሪያ ይቆጠራል። ነፋስ ሲመለስ የራስንም ዓይን ያቃጥላል። ጩቤ ከሁሉም የባሰ ምርጫ ይመስለኛል፤ የግድ መቀራረብ ይፈልጋል፣ ነጥቆ መልሶ መጠቀምም ቀላል ነው። ጠንካራ በር፣ የውጭ መብራትና ውሻ ግን ሌባውን ገና ሳይገባ ያሳስቡታል።

መሣሪያ ለመያዝ የወሰነ ሰው ካለ፣ ቁም ነገሩ አያያዙ ነው። ጄፍ ኩፐር የተባለው አሜሪካዊ አሠልጣኝ ያስፋፋቸው አራት ሕጎች በየሥልጠናው ይደገማሉ። ማንኛውንም መሣሪያ ጥይት እንደጎረሰ ቁጠረው። አፈሙዙን ልትመታው ወደማትፈልገው ነገር አታዙር። ዒላማህን እስክትይዝ ጣትህን ከቃታው አርቅ። ዒላማህንም ከኋላው ያለውንም እወቅ። በቤት ውስጥ የሚባርቀው ጥይት ብዙ ጊዜ መነሻው አንድ ነው፦ ሰውዬው ካዝናውን (ጥይቶቹ የሚደረደሩበትን ማኅደር) ያወጣል፣ ባዶ ነው ብሎ ያምናል፣ በርሜሉ ውስጥ የቀረችውን አንድ ጥይት ይረሳል። ካዝናው ወጥቶ እንኳ ያቺ አንዷ ትተኮሳለች። መጀመሪያ ካዝና ማውጣት፣ ቀጥሎ መሣሪያውን ወደ ኋላ ስቦ ውስጡን በዓይንም በጣትም ማየት፣ ይሄ ቅደም ተከተል አይዘለልም። ከዚያ መሣሪያው በተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ሣጥን። ልጅ አያውቀውም ብሎ መሳቢያ ውስጥ መደበቅ ራስን ማታለል ነው፤ ልጆች የቤቱን መሳቢያ ሁሉ ያውቃሉ። በእርግጥ የተቆለፈ መሣሪያ ለዚያች ሌሊት ይዘገያል። ይሄ የማይፈታ ጉዳይ ነው፦ ለሌባው ፈጥኖ የሚደርስ መሣሪያ ለልጁም ፈጥኖ ይደርሳል።

እኔ በበኩሌ ቤቴ ውስጥ መሣሪያ አላስቀምጥም። ያቺ ሌሊት አትመጣም ብዬ አይደለም። መሣሪያው ግን ከእርሷ ሌላ ባሉት በሺዎች በሚቆጠሩ ቀናት ሁሉ ቤት ውስጥ ነው፤ በተጣላንበት፣ በሰከርንበት፣ እንግዳ ልጆች በመጡበት ቀን ሁሉ። የተዛተበት ሰው ግን ሒሳቡ ከእኔ ሊለይ እንደሚችል አምናለሁ፤ እርሱን አልፈርድበትም።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አስቀድሞ አያስብበትም። መሣሪያ ባለቤቱን አልፎ ይኖራል። ሰውዬው ይሞታል፤ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ልጆቹ ቁም ሣጥኑን ሲያራግፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ያገኛሉ። ጥይት ይጉረስ አይጉረስ የሚያውቅ የለም። በብዙ አገር ፈቃዱ የሚሰጠው ለሰውየው እንጂ ለቤቱ አይደለም፤ ከእርሱ ጋር ያበቃል፣ ወራሹም የራሱን ማውጣት ወይም መሣሪያውን ማስረከብ አለበት። ያገኘው ሰው ቃታውን ሳይነካ፣ «እስቲ ልየው» ብሎ ሳያቀባብል፣ ባለበት ትቶ ልጆቹን ከክፍሉ አስወጥቶ ፖሊስ ቢጠራ ይሻላል። መሣሪያ ያለው ሰው ደግሞ የት እንዳስቀመጠው፣ ፈቃዱ የት እንዳለና ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ለአንድ ለሚያምነው ሰው ዛሬውኑ ቢነግር ጥሩ ነው።