የአእምሮ ሕመም ከምን ይመጣል? የአካል፣ የሥነ ልቦናና የኑሮ ድርሻ

የአእምሮ ሕመም መነሻው አንድ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አካል፣ ሥነ ልቦናና ኑሮ ተደራርበው ነው ሰውን የሚጥሉት። ይህ አተያይ በሕክምናው ዓለም እንዲሰማ ያደረገው አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ኤንግል ነው። ኤንግል የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በ1977 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ በሽታን በአካል ብቻ የሚተረጉመውን ሕክምና የሚሞግት ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ረጅም ዘመን ሕመሙ አንዴ እንደ እርግማን፣ አንዴ እንደ ባሕርይ ድክመት ሲቆጠር ኖሯል።

የአካልን ድርሻ በማያሻማ መንገድ ካሳዩት በሽታዎች አንዱ ቂጥኝ ነው። በ1913 ጃፓናዊው ተመራማሪ ሂዴዮ ኖጉቺ ከባልደረባው ጋር ሆኖ የቂጥኝን ተሕዋስ በሟች የአእምሮ ሕሙማን አንጎል ውስጥ አገኘ። ፔኒሲሊን ከመጣ በኋላ ቂጥኝ የሚያመጣው የአእምሮ ሕመም ብርቅ ሆነ። ለሌሎቹ የአእምሮ ሕመሞች ግን እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መልስ አልተገኘም። ሰውን ከእውነታው ዓለም የሚያርቀውን ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ስኪዞፍሬንያን እንውሰድ። ከ100 ሰው በግምት 1 ሰው በዕድሜው ይይዘዋል። ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙ መንትዮች አንዱ ከታመመ ግን ሌላውም የመታመም ዕድሉ ከ40 እስከ 50 በመቶ እንደሚደርስ ብዙ ጥናቶች ይናገራሉ። ከወላጅ የሚወረሰው ዘር ትልቅ ድርሻ አለው ማለት ነው። የእነዚህ መንትዮች ዘር አንድ ስለሆነ፣ ዘር ብቻውን ቢወስን ኖሮ ግን ቁጥሩ 100 በመቶ በሆነ ነበር። ደግሞም አንድ «የስኪዞፍሬንያ ዘረመል» የሚባል ነገር የለም። በ2022 የወጣ ግዙፍ ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ቦታዎችን ለይቷል፤ የእያንዳንዳቸው ተጽዕኖ ትንሽ ነው። ማኅፀንም ይቆጠራል። ከ1944 እስከ 1945 በኔዘርላንድስ በወረደው ረሃብ በተጎዱ ከተሞች፣ ረሃቡ በበረታበት ወቅት የተፀነሱ ልጆች ለዚህ ሕመም ያላቸው ተጋላጭነት እጥፍ ገደማ ነበር።

ድባቴ (ዲፕሬሽን) «የሴሮቶኒን»፣ ማለትም በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ንጥረ ነገር፣ «ማነስ ነው» የሚለው ታዋቂ አባባል ግን ጉዳዩን ከልክ በላይ ያቃልላል፤ ማስረጃውም ደካማ ነው። ይህ መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይደለም። መድኃኒትህን በራስህ ውሳኔ አቋርጥ ማለትማ በፍጹም አይደለም።

በሥነ ልቦናው በኩል፣ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ የድባቴ ሕሙማን ራሳቸውን፣ ዓለምንና ነገን በጨለማ የሚያዩበትን የአስተሳሰብ ልማድ ለይቶ ሕክምና ሠራበት።

ስለ ኑሮ ያለው ማስረጃ ሰፊ ነው። ተመራማሪዎቹ ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ በ1978 ያወጡት የለንደን ጥናት አሁንም ይጠቀሳል። ከባድ ሐዘን ወይም ኪሳራ የደረሰባቸው ሴቶች ሁሉ በድባቴ አልወደቁም። የልብ ወዳጅ የሌላቸው፣ ሥራ የሌላቸው፣ ቤት ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ትንንሽ ልጆች የያዙ፣ እናታቸውን በልጅነት ያጡ ይበልጥ ተጎዱ። ከአራቱ መካከል በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ይበልጥ የጸናው የወዳጁ ጉዳይ ነው።

ድህነት ያሳምማል ወይስ ሕመም ያደኸያል? ሁለቱም እውነት ነው። ለስኪዞፍሬንያ ሁለተኛው፣ ለድባቴ የመጀመሪያው ያመዝናል ይባላል። ለዚህ ጥያቄ በጣም የሚጠቅመው በአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና የተደረገ ጥናት ነው። ከ1993 ጀምሮ 1,420 ልጆች ይከታተል ነበር። በመሃሉ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆነው የቼሮኪ ሕዝብ ካዚኖ (ቁማር ቤት) ከፈተና ከትርፉ ለአባላቱ በሙሉ ያካፍል ጀመር። ገንዘቡ የመጣው ወላጆቹ ስለበረቱ ወይም ጤነኛ ስለሆኑ አይደለም። የጥናቱ ዋጋም እዚህ ላይ ነው። ከድህነት በወጡ ቤቶች የልጆቹ የጠብና የእምቢተኝነት ችግር ቀንሶ፣ ደሃ ሆነው ከማያውቁት ልጆች ጋር ተስተካከለ። ወላጆች ልጆቻቸውን የሚከታተሉበት ጊዜ አግኝተው ነበር። ጭንቀትና ድባቴ ግን ያን ያህል አልተለወጡም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለስኪዞፍሬንያ እናቶችን የሚወነጅል አስተሳሰብ ነበር። ስህተት ነው። ብዙ ቤተሰብ ያለ ጥፋቱ ተሸማቅቋል። እውነቱ ይህ ነው፦ ቤት ውስጥ ወቀሳና ጭቅጭቅ ሲበዛ ሕመሙ የማገርሸት ዕድሉ ይጨምራል፤ ቤተሰቡ ሲታገዝ ደግሞ ይቀንሳል።

የኤንግልን አተያይ የሚተቹ አሉ። የቱ ምን ያህል እንደሚመዝን አይነግረንም ይላሉ፤ ትችቱም ውኃ ያነሳል። በሙያው ያለን ሰዎች ግን በየቀኑ የምንሠራበት ነው። ጥሩ ባለሙያ አራት ነገር ይጠይቃል። ምን አጋለጠው? ምን ቀሰቀሰው? ምን አቆየው? ምንስ ይደግፈዋል? ለምሳሌ ድባቴ በቤተሰቡ ያለበት ሰው ሥራ አጥቶ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ ሕመሙን ያቆዩታል። ዘሩን መለወጥ አይቻልም። ሥራውም ቶሎ ላይገኝ ይችላል። እንቅልፉና መጠጡ ላይ ግን ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ መሥራት ይቻላል።