«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ»

ይህን ተረት ሁለት ዓይነት ሰው ይተርተዋል። ጉዳዩ በአንድ ቀን ያለቀለት እየሳቀ ይለዋል፤ ወረፋ ሲጠብቅ ውሎ ባዶ እጁን የተመለሰውም ከንፈሩን እየመጠጠ ይለዋል። ለመጀመሪያው ምክር ነው፣ ለሁለተኛው ክስ። እኔ ወደ ክሱ አደላለሁ፤ ጎረቤቱ የሆነው ተረትም ይመሰክርልኛል።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። እዚህ ላይ ሰማይ የተራ ሰው እጅ የማይደርስበት ወሰን ነው። «ገንዘብ ካለ» ባዩ ተረት ደግሞ በዚያው በተዘጋው ሰማይ ለባለገንዘቡ መንገድ ያወጣለታል። ሁለቱም የሹመትና የፍርድ ደጅ ይሸታሉ፦ ደጅ የሚጠናበት፣ ያለ እጅ መንሻ መቅረብ ነውር የሆነበት፣ የርስት ክርክር ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ዘመን። ስንቁ ያለቀበት ተሟጋች ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ስንቅ ያለው ቀጠሮ እየቆጠረ ይረታል። ጉቦ እንኳ ባይኖር ማለት ነው።

ወሎ ውስጥ መንገዱ የታየው ግን በምድር ላይ፣ ያውም በአውራ ጎዳና ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚወስደው መንገድ ደሴን አቋርጦ ያልፍ ነበር፤ የተራበው ሕዝብም የተሰበሰበው በዚያው መንገድ ዳር ነበር። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ይህን ረሃብ አጥንቶ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ አሳይቷል። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን እንደነበር የሚገልጹ ዘገባዎችንም ጠቅሷል። አዝመራው የከሸፈበት፣ ከብቱን በርካሽ የሸጠ ገበሬ መግዣ አልነበረውማ። ገበያ እህልን የሚነዳው ወደ ራበው ሳይሆን ወደ ከፈለው ነው።

ይህን የሚያስተካክል ሕግ ለምን ቀድሞ አልወጣም? በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚመረጥ ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። የሰው መሬት እያረሰ የሚገብረው ጢሰኛ ታዲያ በየት ገብቶ ይወከል? የባለመሬትንና የጢሰኛን ግንኙነት ሊያስተካክል የተረቀቀው ሕግ ባለመሬቶች በሞሉበት ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። ለእኔ የተረቱ ዋና ፍሬ ይህ ነው፦ ሀብት ራሱን የሚነካውን ሕግ ደጅ ላይ ያስቀረዋል። መሬት ለአራሹ የታወጀው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። አዋጁ የመሬቱን መንገድ ዘጋ፤ ሥልጣን ግን ከባለመሬቱ እጅ ወጥቶ ወደ አራሹ ሳይሆን ወደ መንግሥት ገባ። ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ተረቱ የማይሠራበት ቦታ ቢፈለግ ወሎዬው ቅሬውን፣ ማለትም እድሩን፣ ይጠቁማል። ለቀብር ባለሱቁም የቀን ሠራተኛውም እኩል ያዋጣል። እርግጥ እኩል መዋጮ እኩል አይከብድም። እየጨመረ የሚሄድ ግብር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ የኛው የግብር ደረጃ ግን ቶሎ ያልቃል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ከፍተኛው የደመወዝ መጣኔ፣ 35 በመቶ፣ ከ14,000 ብር በላይ ባለው የወር ደመወዝ ላይ ይጀምራል። ደሴ ውስጥ ይህን ጥቂት የሚያልፍ ደመወዝተኛና በወር ሚሊዮን ብር የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅ የመጨረሻ ደረጃቸው አንድ ነው። በዚያው ዓመት የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ የከተማ ቤትና የመሬት ይዞታን ይነካል፤ ባንክ ያለውን ገንዘብና አክሲዮኑን አይደርስበትም።